ጓድ ደሬሳ ያጸደቀው ፊልም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከት/ቤት ቀጥታ ቀበሌ አዳራሽ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። ቅዳሜ ለሕዝብ የሚታየውን ፊልም ብቻዬን አያለሁ፤ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን ዕዳው ብዙ። ጥቁርና ነጭ፣ አሮጌ፣ መሐል መሐሉ ተቆራርጦ የተቀጠለ። ሰልችቶኝ ተቀመጥኩ።

ምን ልበልሽ፣ ደብተሬ! ቀለም የሚባል አላማረኝም። ጥቁሩ ራሱ ይናገራል። ባርኔጣው የሰውዬውን ግማሽ ፊት ይከልላል፤ የቀረውን ግማሽ አታምኚውም። አስፋልቱ ዝናብ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። የመስኮት ፍርግርግ ጥላ ሰውዬው ላይ ሲያርፍ፣ ገና ሳይያዝ የታሰረ ይመስላል። ሴትየዋ ትዋሻለች፣ ሲያምርባት!

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ሰውዬው ወዳጁ ቤት እራት ይበላል። እየሳቀ፣ ነገ በምን እንደሚሄድ ወዳጁን ይጠይቀዋል። በማግስቱ ወዳጁን ባቡር ጣቢያ ላይ ገዳዮች ይቀበሉታል።

ማሽኑን አጠፋሁ። 

ልጻፈው። ደሬሳ ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ የወንድሜ የቶለሳ አብሮ አደግ። አምና እቤታችን አንጮቴ፣ ያገራችንን ሥራ ሥር፣ በላ። አዮ፣ እናቴ፣ በእጇ አጎረሰችው። ቶለሳ ሊሸሽ መሆኑን ከኛ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ። እያኘከ ጠየቀው፦ «ቦሩ ማሊን ዴምታ?» ነገ በምን ትሄዳለህ? በማግስቱ ሲሬ ከተማ ላይ ታጣቂዎች ቶለሳን ከአውቶቡስ አወረዱት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለም።

አዮ አታምነኝም። ደሬሳ እሑድ እሑድ ስኳር ይዞላት ይመጣል፤ «ኢልመ ኮ» ትለዋለች፣ ልጄ። ስነግራት የሰው ስም አታጥፊ ብላ ተቆጣችኝ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ! ቡና ስታቀርብለት ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያራል።

ሐሙስ፣ 14

ጓድ ደሬሳ ፊልሙን አጸደቀ። ሳያየው! ከበርቴዎች እርስ በርስ ሲባሉ ያሳያል ብዬው ደስ አለው። ነዋሪው በሙሉ ይግባ፣ የቀረ ይቀጣል አለ። ደግሞ በገዛ አፉ፦ እናቶችም እንዲገባቸው በኦሮምኛ ጭምር ተርጉሚ። እሺ ጓድ። እሺ!

ሲሬን ልጠራ፣ የቶለሳን ስም ልጨምር አስቤ ነበር። ተውኩት። ፊልሙ ሠርቶ ጨርሶልኛል። ያለውን ብቻ እላለሁ፤ በምን ይከሰኛል?

ቅዳሜ፣ 16፣ 11 ሰዓት

አሁን ቤት ገባን። አዮ ጓዳ ናት።

አዳራሹ ውስጥ ደሬሳ ፊት ወንበር ላይ፣ አዮ ከጎኑ። ራሱ ነው ያስቀመጣት። እኔ ከሸራው አጠገብ ቆሜ አማርኛውን እላለሁ፣ ኦሮምኛውን አስከትላለሁ። የእራቱ ትዕይንት ደረሰ። አማርኛውን አልኩ፤ ኦሮምኛውን አስከተልኩ።  «ቦሩ ማሊን ዴምታ?»

አዮ ሸራውን ተወችው። ዞራ እሱን አየች። ጣቢያው ላይ ተኩስ ሲከፈት መሐረብ አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። የሸራው ብርሃን ግማሽ ፊቱን ብቻ አብርቶለት ነበር። ልክ እንደ ፊልሙ ሰውዬ! ደስ አለኝ። በጣም። አላፍርም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።



እሑድ፣ 17

መጣ። ስኳሩን ይዞ። ይቀራል ብዬ ነበር፤ ቢቀር እንደሚያስታውቅበት ገብቶታል።

አዮ አንጮቴ ቀቅላለች፣ በቅቤ አሽታ። ቶለሳ ከሄደ ወዲህ ቀቅላ አታውቅም። እጁን አስታጠበችው። እንደ አምናው በእጇ አጎረሰችው። አፉ ሙሉ ሳለ፣ ቀስ ብላ፣ «ኢልመ ኮ፣ ቦሩ ማሊን ዴምታ?» አለችው።

አልዋጠም፣ አልተፋም። ዓይኑ እኔ ላይ፣ ከዚያ በሩ ላይ። ጉርሻውን በጉንጩ እንደያዘ ተነስቶ ወጣ። አዮ ስኳሩን ከኋላው ደጅ ላይ ደፋችው። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቶለሳን አለቀሰችው። እኔም አብሬያት።

ለቅዳሜ ሌላ ፊልም ምረጪ ተብዬ ነበር። አልመርጥም። ይህንኑ እደግማለሁ። አዮ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ከጎኗ ያለውን ቦታ ለደሬሳ እንይዝለታለን።