የማይጠየቁ ጥያቄዎች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ያ ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ አሁንም በአንድ ጉንጭሽ ነው የምታኝኪው? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ትልቋስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እማማስ እንዴት ናት? አባባስ? አባባን ደግሜ እጠይቅሻለሁ፣ አባባስ? እኔ እግዜር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። በሌላው ደህና አይደለሁም፤ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚህ ነው። በስልክ ብጠይቅሽ «ደህና ነው፣ ጉልበቱን አሞት ነው እንጂ ራሱ ያናግርህ ነበር» ትይኛለሽ፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ እንዘጋዋለን። አራት ቅዳሜ እንዲሁ ዘጋነው።

የሥራዬን ነገር በደንብ አጫውቼሽ አላውቅም፤ «ቢሮ ገባሁ» ብቻ ነበር ያልኩሽ። ቢሮ መሆኑስ ቢሮ ነው። መስኮት የሌለው አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ሰው በስስ ግድግዳ ተከፋፍሎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል። አሜሪካኖች ስልካቸው እምቢ ሲላቸው የሚደውሉት ለእኛ ነው። እዚያው እነሱ አገር ያለን ይመስላቸዋል፤ እኛም አይደለንም አንልም። በእያንዳንዳችን ፊት መዳፍ የምታህል መስታወት ተለጥፋለች። ለመቆነጃጀት እንዳይመስልሽ፤ ስናወራ ፈገግ ማለታችንን እንድናይባት ነው። ፈገግታ በስልክ ይሰማል አሉ።

ስልክ ላይ ከመቀመጣችን በፊት የሁለት ወር ትምህርት ነበረን። እንግሊዝኛውንማ ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ፣ አባባም ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ሲያስጠናኝ ነው ያደግሁት። እዚህ የሚያስተምሩት ግን አሜሪካኖች እንዴት እንደሚጫወቱ ነው። አስተማሪያችን እዚያ አገር አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ምኑንም ብትጠይቂው «ፋይን»፣ ደህና ነው ለማለት፣ ስለሚል ስሙን ፋይን ብለን አወጣንለት። ጠዋት ጠዋት የአሜሪካ የቤተሰብ ቀልድ በቴሌቪዥን ያሳየናል። የማይታዩ ሰዎች ከውስጥ ሲስቁ ያቆመውና «አሁን ለምን ሳቁ?» ይለናል። አንዷ ደፍራ «ሰውየው ስለወደቀ ነው» ትላለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደገና ያሳየናል፣ ሳቁ አሁንም አይገባንም።

ፈሊጣቸውን ደግሞ በቀን አሥር አሥር እንሸመድዳለን። ነገሩ ቀላል ነው ለማለት «ቁራጭ ኬክ ነው» ይላሉ። መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው መልካም ሲመኙለት «እግርህን ስበር» ይሉታል። እማማ ይህን ብትሰማ መራቂውን በመጥረጊያ ነበር የምታባርረው። የሞተን ሰው በቀልድ ሲያነሱት «ባልዲውን ረገጠ» ነው የሚሉት። ደብተሬ ላይ ቁጥር አርባ ሰባት ሆኖ ተጽፏል። ያን ቀን እኔም ስቄ ነበር፤ ዛሬ ገጹን መግለጥ ያስፈራኛል።

አንድ ቀን ፋይን ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው። በአንዱ ወገን የሚጠየቀውን ጻፈ፦ የአየሩ ሁኔታ፣ ኳስ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዴት አለፈ። በሌላው ወገን «የማይጠየቁ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ሕመም፣ ሞት ብሎ ደረደረ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እኛ ሰላምታ የምንለው ሁሉ በዚያኛው ወገን ተሰልፎ አየሁት። «እንዴት ነህ ሲሉህ መልስ ፈልገው አይደለም፤ ፋይን በልና እለፍ» አለን። አባባ ትዝ አለኝ። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ልጆቹን፣ ሚስቱን፣ የታመመ ዘመዱን አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ ልብስ ሰፊ፣ እዚህ ቢቀጠር አንድ ቀን አይውልም ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። እኔ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ ረስቼው ነበር።

ስልክ ላይ በተቀመጥኩ በአራተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ የባሏን መስመር ለማስዘጋት ደወለች። በመመሪያው መሠረት ምክንያቱን ጠየቅኋት፤ «ሞቷል» አለችኝ። መመሪያው «ስለደረሰብዎ ሐዘን አዝናለሁ» አንዴ በልና ወዲያው የደንበኛ ቁጥር ጠይቅ ይላል። እኔ «መቼ?» አልኩ። «ታመው ነበር? አሁን አጠገብዎ ማን አለ? እህል ቀምሰዋል?» ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። አርባ ደቂቃ! ስንሰነባበት መስመሩን መዝጋቱን ሁለታችንም ረስተነዋል። ስልክ ላይ የምንለው ሁሉ ይቀዳል፤ በነጋታው፣ አሁንም በየጠዋቱ የሚሰበስበን ፋይን ቅጂውን ለክፍሉ በሙሉ አሰማው። ንፍጤን ስስብ በድምፅ ማጉያ ሰማሁት። «ይኼ ልጅ ሥራ ነው የገባው ለቅሶ ቤት?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰዎች ለምን እንደሳቁ ቶሎ የገባኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ለብቻዬ ጠርቶ እስከ ዓርብ ካልታረምኩ እንደምሰናበት ነገረኝ።

ታረምኩልሽ። ዓርብ ዕለት አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ስም ከመስመሩ ላይ ለማሰረዝ ደወሉ። አንዴ አዘንኩላቸው፣ ቁጥር ጠየቅኋቸው። ቁጥሩን ነግረውኝ «ስልኩን ሁልጊዜ የምታነሳው እሷ ነበረች…» ብለው ሲጀምሩ፣ በተማርኩት የማቋረጫ ቃል በትህትና አቋረጥኳቸው። መስታወቷን አየሁ፤ ፈገግ ብያለሁ። መልካም ቀን ተመኝቼላቸው ዘጋሁ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ፋይን አጨበጨበልኝ፣ ድምፄን እንድሰማውም ማዳመጫውን ሰጠኝ።

እትዬ፣ ያን ቅጂ ስሰማ የሰማሁት አንቺን ነው። ያ ለስለስ ብሎ ለመዝጋት የሚቸኩል ድምፅ፣ ቅዳሜ «አባባማ ደህና ነው» ያልሽበት ድምፅሽ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እዚያ ቆሜ ነው ሁሉም ነገር የተገጣጠመልኝ። አክስታችን ያረፈች ጊዜ እማማ ሐኪም ቤት ተኝታ ስለነበር ልቧ እስኪጠና ብለን ሦስት ሳምንት ደበቅናት። ምን እንደምላት ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ፦ «ደህና ናት፣ ጉልበቷን አሟት ነው እንጂ ትመጣ ነበር።» ጉልበትን የመረጥሽው ጉልበት ሰው አይገድልም ብለሽ ነው። የአባባን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ አርባ ዓመት ፔዳል ሲረግጥ አንድ ቀን አሞት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀርባሽ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፍቷል። እማማን አገናኚኝ ስልሽም ተኝታለች ትይኛለሽ፤ በቀትር።

አልተቀየምኩሽም። ስለ እኔ «ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል» ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። እውነትሽን ነው፣ የሚይዘኝ የለም። ክፍሌ ውስጥ ያለው አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነው፤ ወንበሩ ላይ ልብሴ እንጂ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ግን እትዬ፣ ደክሞኛል፣ ተስፋዬ አልቋል። ለማላውቃት ሴትዮ አርባ ደቂቃ ያነባሁ ሰው ለአባቴ አንዲት ዘለላ እንባ ማውጣት አቃተኝ። ማን ነግሮኝ ላልቅስ? ቢኖርስ? ሰውን በቁሙ ላለቅስበት ነው? ሥራ እገባለሁ፣ መስታወቷ ፊት ፈገግ እላለሁ፣ እንዴት ነህ ሲሉኝ ፋይን እላለሁ። አሁን ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ።

እማማን እጇን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ወገቡን ይጠንቀቅ፣ ጀሪካን አያንሳ በይልኝ። ትልቋን የላከችልኝ ሥዕል ደርሶኛል፣ ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ በያት። ትንሹን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ጡረተኛዋን አስተማሪም ሰላም በያቸው።

ለአባባ ሰላምታ ልጽፍ ስል ግን እጄ ቆመ። እባክሽ እንዲህ አድርጊልኝ። ካለ፣ በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ እሱ ራሱ አንድ መስመር ያስምርበትና መልሺልኝ። የእሱን መስመር ከሺህ እለየዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላል። ከሌለም አንዲት ቃል አትጻፊልኝ። ሜትሩን ጠቅልለሽ ላኪልኝ፤ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሦስተኛው ፎቅ፣ በምሳ ሰዓት የተጻፈ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን