እትዬ ቁጡ እና የአማረች ቅቤ

ሰኞ

እምቢ አለች። እጀታዋን ይዤ ታገልኩ፣ ንቅንቅ የለም። ጉልበት ብጨምር ጥርሷን እሰብራለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ረስቻት፣ ዛሬ ተነስቼ ዙሪ ብላት ለምን ትዙር!

ጠዋት ሰናይት ከአዳማ ደወለች፤ የጓደኛዬ የአበራ ልጅ። አባቷ ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቋጥሯል። ሐሙስ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ስልኩን ሰጠችው። ድምፁ የራሱ ነው፣ ወሬው ግን ይጠፋበታል፤ ልጁን በእናቷ ስም ይጠራታል። እኔን ወዲያው ለየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እትዬ ቁጡ አለች?»

አለች አልኩት። «እስቲ ድምፅዋን አሰማኝ፣ ሳልገባ ልስማት» አለኝ። ከሐሙስ በፊት አሰማሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አፌን ምን አስቸኮለው?

እትዬ ቁጡ ሰው አይደለችም። የባሕር ዓሣ ማጥመጃ መዘውር ናት፤ ዘንግ ላይ አስረህ ክሩን የምትጠቀልልባት። እኔና አበራ አሰብ ወደብ የክሬን መካኒኮች ሳለን የአንድ ግሪክ መርከብ ምግብ አብሳይ ለሁለታችን ሰጠን። ከአሰብ ስንወጣ ዘንጉ ለአበራ ደረሰው፣ እሷ ለእኔ። እሱ አዳማ ገባ፣ እኔ ሚስቴን አማረችን ተከትዬ ወደ ሀገሯ ሶዶ መጣሁ። አባያ ሐይቅ ላይ እንገጣጥማቸዋለን ተባብለን ነበር። አባያ እዚሁ ከሁምቦ በታች ነው። አንድም ቀን አልሄድንም።

ማክሰኞ

አመሏን ልጻፍ፣ ሳይጠፋኝ።

ዓሣው ክሩን ይዞ ሲሮጥ እጀታዋ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ቶሎ ካልለቀቅክ ጣትህን ትቀጠቅጥሃለች። ስሟም ከዚያ መጣ። ፍሬን የላትም፣ ፍሬኗ የሰው አውራ ጣት ነው። ክሩን በአውራ ጣትህ ካልተጫንክ የተጠቀለለበት ከበሮ መዞሩን ይቀጥላል፣ ክሩም ይተራመሳል። እኔ ሁልጊዜ እረሳለሁ፤ አበራ ከኋላዬ «አውራ ጣት!» እያለ ይጮህብኛል። ወደቡ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። ደግሞ ጨው አትወድም። አሰብ ላይ ንጹህ ውሃ ከየት ይመጣል? ከምንጠጣው ግማሽ ብርጭቆ እያስቀረን እናጥባት ነበር። አማረች «ለኔ እንኳ እንዲህ አላዘንክልኝም» ትለኝ ነበር።

ድምፅዋስ? ትንሽ የብረት ምላስ አለቻት። ክሩ ሲወጣ ጥርሶቹን እየመታች ጠጠጠጠጠ ትላለች። የአሁኖቹ ድምፅ የላቸውም አሉ። ዝም የሚል ዕቃማ ቤቴ ሞልቷል።

ከሰዓት ከፈትኳት። ካቻቪቴ፣ ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ክዳኗን ሳነሳ፣ ኧረ በስመአብ! ቅቤ።

ገባኝ። የመንገድ ሥራ ማሽን ልጠግን ከቤት ስወጣ አማረችን «በዓመት አንዴ ግራሶ ቀቢልኝ» ብያት ነበር። እሷ ደግሞ ከጊፋታ ቅቤዋ ቀንሳ ቀባቻት። የወላይታ ሴት ለዘመን መለወጫ በዓሏ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ቅቤ! «ከዚህ የተሻለ ምን አለ?» ብላ ስታሳየኝ ጮህኩባት። ማሽንና ፀጉር አንድ መሰለሽ ወይ አልኳት፣ ሰው ፊት። ያን ጊዜ የተወችው መስሎኝ ነበር። የዛሬው ቅቤ ግን የዚያ ዘመን አይደለም። ከሥር ያለው እንደ ሙጫ ደርቋል፣ ከላይ ያለው ገና ለስላሳ ነው፤ ኮሰረቱ ይሸታል። አማረች ካረፈች ሁለት ዓመቷ።

ረቡዕ

ምንም አልሠራሁም።

ጎረቤቴ አስቴር ቦሎቄ ይዛልኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። «ጋሼ፣ ቤትዎ ጊፋታ ጊፋታ ይላል።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስታይ ሳቀች። «ውይ እሷን! እትዬ አማረች በየዓመቱ ትቀባት ነበር'ኮ። እርስዎ ሲወጡ ጠብቃ። ለጋሼ እንዳትነግሪ፣ ይጮህብኛል ትላለች።»

ለምን ታዲያ ትቀባለች አልኳት።

«ባሕሩን ያጣ ሰው ነው፣ እሷም ከዛገችበት ምን ይቀረዋል፣ ትለኝ ነበር።»

አስቴር ስትሄድ አለቀስኩ። ልጅ አልወለድንም፣ የሚያየኝም የለም፣ እንደልቤ አለቀስኩ። ብሩሹን ላምባ ውስጥ ነክሬ መልሼ አወጣሁት። እጅዋ የነካውን እንዴት ልጥረገው? እስኪመሽ እንዲሁ ተቀመጥኩ። ነገ ሐሙስ መሆኑን እያወቅኩ።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ጠረግኩት። ናሱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ብረቱ ላይ ግን ዝገት የለም። እጀታዋን ገፋ አደረግኩ፣ ዞረች! ብቻዬን «ጎበዝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፅ ግን የለም። ስቸኩል የምላሷን ሞላ ሰብሬዋለሁ።

ሰናይት ደወለች። «ሊገባ ነው፣ እየጠየቀ ነው።» ስልኩን ስትሰጠው እውነቱን ነገርኩት፣ አልደረሰችም አልኩት። «ተዋት፣ ተቆጥታ ነው» አለኝ። ከዚያ ወሰዱት።

ትናንት ብሠራ ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ለሞተችው ሳዝን በሕይወት ያለውን ቀጣሁት።

ዓርብ

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆኗል ተባለ። ግን አይናገርም። ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን ያያል፣ ሰናይትን አላወቃትም።

ገበያ ወርጄ ዕቃ ሻጩ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። መዘውሯን ገለባብጦ አያት። «ጋሼ፣ ይቺ ሰዓት ናት ወፍጮ?» የባሕር ናት አልኩት። «ሶዶ ላይ ባሕር ከየት አመጡልን!» እየሳቀ ካርቶኖቹን በረበረ፣ ልክ የሚሆን አጣ። በመጨረሻ አሮጌ ጓጉንቸር ሰብሮ ሞላውን አወጣልኝ። ትንሽ ይረዝማል። በፒንሳ ቆረጥኩት።

ቅዳሜ

ገጠምኩት። ክሩን ጎተት አደረግኩ። ጠጠጠጠጠ!

ወዲያው ደወልኩ። ሰናይት «እንዳለ ነው ጋሼ፣ ምንም የለም» አለች። ጆሮው ላይ አድርጊለት አልኳት። እሷን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስሬ፣ ስልኬን አጠገቧ አስቀምጬ የክሩን ጫፍ ይዤ በቤቱ ውስጥ እስከ በር ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ! እትዬ ቁጡ ጮኸች፣ ቤቱ ተሞላ። በሩ ጋ ቆም ስል ከበሮዋ አልቆመም። ያ ሁሉ ያረጀ ናይሎን ተግተልትሎ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ተራገምኩ፣ ምን ያላልኩት አለ።

ከዚያ ከስልኩ፣ ቀስ ብሎ፣ በደረቀ ጉሮሮ፦

«አውራ… ጣት።»

ሰናይት ስትጮህ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም፣ ተኝቷል። ሐኪሙ እናያለን ብሏል። ልጁን ገና አላወቃትም። ክሩ እንደተተራመሰ ነው፣ ነገ እፈታዋለሁ።

ክዳኗን ልዘጋ ስል የግራሶውን ቆርቆሮ አወጣሁ። ከፈትኩት። መልሼ ከደንኩት። አስቴርን ትንሽ ቅቤ ለመንኳት።