አርባ ዘጠኝ ከመቶ

መጋቢት 3

ዛሬ የመምህርን የእግር ጥፍር ቆረጥኩ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ደንድኗል፣ መቀስ አይበግረውም። ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። የጨርቅ መቀሴን ግን አላስነካም፣ ለአባትም ቢሆን።

መሃል ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ስኳር ይዞ ገባ። "መምህር፣ አስታወሱኝ?" ቀና ብለው አዩት። "ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ክፍልፋይ አይገባህም ነበር።" ሰውዬው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሲወጣ ወደኔ ዞሮ በቅጽል ስሜ ጠራኝ፣ "አርባ ዘጠኝ፣ ታድለሽ! ከእኚህ ሰው ጋር አንድ ቤት መኖር!"

ታድዬ። እጄ ላይ የጥፍር ቁራጭ ይዤ።

እማዬ ከሞተች ወዲህ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እሳቸው የኋላው ክፍል፣ እኔ የፊቱ፣ ከስፌት መኪናዬ ጋር። አባቴን መምህር ማለት የጀመርኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ቀን "አባዬ" ብዬ እጄን ሳወጣ፣ "እዚህ አባትሽ አይደለሁም" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት ገብቼም መልሼ አልቀየርኩትም። እሳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

መጋቢት 7

ፋርማሲስቱ መጣ። ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበርን፣ ከኔ እየኮረጀ ነው ያለፈው። አሁን የኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከረባት አድርጓል።

ትምህርት ቤቱ በመምህር ስም ሊሰየም ነው፣ ሚያዝያ 12። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ የማነበው እኔ ነኝ። "ከልጃቸው ሌላ ማን?" አለ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

በር ላይ ሲደርስ፣ "የአርባ ዘጠኝን ታሪክ እንዳትዘዪያት አደራ። ሰው የሚጠብቀው እሷን ነው።"

እሷን... ሰርግ ላይ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል። መምህር የገዛ ልጃቸውን በአንድ ማርክ ጣሏት። ርዕሰ መምህሩ ራሱ "ኧረ አንድ ማርክ ይጨምሩላት" ብሎ ለመነ። "ለሰው ልጅ ያልጨመርኩትን ለልጄ አልጨምርም!" አሉ። አቤት ሰው! አቤት ሐቀኛ! ይባላል። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሮ ይስቃል። በፍቅር ነው እኮ የሚስቁት። በፍቅር።

መጋቢት 8

ሁለት መስመር ጻፍኩ። ሁለቱንም ሰረዝኩ።

መጋቢት 14

ታሪኩ "አልጨምርም!" ላይ ነው የሚያልቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያወራም።

ከዚያ በኋላ ክፍል ደገምኩ። ከታናናሾቼ ጋር ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ከወንበሩ ስር አልገባ እያለ። ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርሱ ከኋላ አንዱ "አርባ ዘጠኝ!" ይላል። መምህር መዝገቡን እያዩ ዝም። ሁለት ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ አልሄድም አልኩ። እማዬ "ትንሽ ትረፍ ልጄ" ብላ ልብስ ሰፊዋ ጋ ወሰደችኝ።

አርባ አንድ ዓመት አረፍኩ።

ምን መሆን ነበር የምፈልገው? እስቲ ይጻፍ፣ ማንም አያየው። መምህር።

መጋቢት 19

የተቀጠሩበትን ቀን ፍለጋ ከአልጋቸው ስር ሻንጣውን ጎተትኩ። እሳቸው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ደብዳቤዎች፣ የምስጋና ወረቀት፣ የእማዬ ፎቶ። ከሁሉም ስር አንድ ፖስታ። ከፈትኩት። የልጅ ጽሕፈት... የኔ!

ያ ፈተና። አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከሃያ። በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። 8፣ 14፣ 11፣ 6፣ 12። አናቱ ላይ በትልቁ 49፣ ተከቦ።

እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ደመርኩት። የሰው ወገብና ትከሻ ስደምር የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ቁጥር ሳይ አላስችል ይለኛል። ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። በጣቴ ደመርኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ በጠመኔ፣ ያውም በጨርቅ ማስመሪያው ጠመኔ፣ ሲሚንቶው ላይ ጽፌ ደመርኩ።

መጋቢት 20

ሃምሳ አንድ።

መጋቢት 24

አራት ቀን ምላሴን ዋጥ አድርጌ አብልቼ አጠጥቼ፣ ዛሬ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽር እንኳ አልፈለጉም።

"መቼ አወቁ?"

"ውጤቱ በተለጠፈ በሳምንቱ።"

"እና?"

የወረቀቱን እጥፋት በመዳፋቸው ዳበሱት።

"እና፣ መምህር?"

"ተለጥፎ ነበር እኮ... ባስተካክለው ሰው ምን ይላል? ለልጁ ሠራላት ነው የሚለው።"

"የሌላ ሰው ልጅ ብሆንስ?"

መስኮቱን አዩ። ምናለ ቢዋሹኝ! መዋሸት አይችሉበትም።

"በዚያው ቀን አስተካክለው ነበር።"

"ታዲያ ወረቀቱን ለምን አላቃጠሉትም?" አልኩ። "የተማሪ ወረቀት አይቃጠልም" አሉኝ። ወይ ጉድ! ወረቀቱ አሳዘናቸው።

ወጥቼ ስፌት መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩ። የዩኒፎርም እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። ያኔ ተነስቼ ተመልሼ ገባሁ። "የእርስዎ ስም ሲሰቀል የኔን ያውርዱልኝ። ያን ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በአፍዎ ይናገሩ። አለዚያ አላነብም።"

"እሺ" አሉ።

እንዲህ በቀላሉ? አላመንኩም።

ሚያዝያ 2

ኮታቸውን አጠበብኩ። ከወገብ ስድስት ሳንቲም፣ ከትከሻ አራት። መቼ እንዲህ አነሱ? መርፌ እንዳይወጋቸው "አይንቀሳቀሱ" ስላቸው እንደ ልጅ ትንፋሻቸውን ያዙ። አሳዘኑኝ። ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ለብቻቸው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። "ተሳስቼ ነው... ድምሩን ተሳስቼ ነው..." እየተለማመዱ ነው።

"ያን ቀን እንዳይረሱት" አልኩ።

"አልረሳም። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።"

ሚያዝያ 12

ግቢው ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው አጥር ላይ ተቀምጧል። መምህር ከፊት፣ በጠበበው ኮት። አነበብኩ። ተወለዱ፣ ተቀጠሩ፣ አርባ ሦስት ዓመት አስተማሩ፣ ጡረታ ወጡ። አርባ ዘጠኝን ዘለልኳት። ከኋላ አንዱ፣ "አርባ ዘጠኝስ?" ብሎ ጮኸ። ሳቅ።

መምህር እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ! ማይኩን ወሰድኩላቸው።

"ልጄ አልወደቀችም" አሉ። "እኔ ነኝ ድምሩን የተሳሳትኩት። ሃምሳ አንድ ነው። አውቄ ዝም አልኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አሁን... አሁን ሰው ይዞርና ያየኛል፣ አልኩ።

አንዲት ሴት "ውይ አንጀቴን! የአባት ነገር!" አለች። ከወዲያ አንዱ "በስተርጅና አዳሉ!" አለና ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፋርማሲስቱ ማይኩን ቀማቸው። "አያችሁልኝ? አርባ አንድ ዓመት ጨክነው ጨክነው፣ ዛሬ ለልጃቸው ሁለት ማርክ ጨመሩላት!" ጭብጨባ። ቆመው ነው ያጨበጨቡት።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ይኸው! እዩት! ፎቶ አነሱኝ። "ትንሽ ፈገግ በይ" አሉኝ።

ስንት ሰው ነበር? ሦስት መቶ? አብዛኞቹን መደመር ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው እንኳ አልደመረም።

ሚያዝያ 13

ምሳ አልበሉም። ወረቀቱን ስጪኝ፣ ቀይ እስክሪብቶስ አለሽ ወይ አሉኝ። ገዝቼ መጣሁ።

ሚያዝያ 21

ስሜ ተቀየረ። ዳቦ ቤት ገና ስገባ፣ "ሃምሳ አንድ! አባትሽ ጉቦ ሰጡሽ አሉ!" ሁሉም ሳቀ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ይኸው የፈለግኩት ቁጥር፣ እሱም ቀልድ ሆኖ ቀረ።

አባዬ ግን አልተወም። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ ወረቀቱን ያስይዘዋል። "ደምር።" "አይ መምህር፣ ጨዋታዎ!" ይሉታል። ዛሬ ሹፌሩ መጣ። "ደምር" አለው። "እሺ መምህር፣ እሺ" ብሎ ሳያየው መልሶ ጭኑ ላይ አኖረለት። ሲወጣ እኔ ጋ ጎንበስ ብሎ፣ "ጃጁ፣ አይደል? አይዞሽ" አለኝ። አርባ አንድ ዓመት ሲሳሳት ጠቢብ፣ እውነቱን ሲናገር ጃጀ።

መኪናዬን ትቼ ገባሁ። ወረቀቱ ጭኑ ላይ፣ ቀይ እስክሪብቶው በእጁ። 49 ላይ ሰርዞበታል። ቦታው ባዶ ነው፣ ምንም አልጻፈበትም።

"ማንም አይደምርልኝም" አለ።

ይቅር አልኩት ወይ? እንጃ። አላልኩትም መሰለኝ። ብቻ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጣቴን ቁጥሮቹ ላይ እያሳረፍኩ፣ ጮክ ብዬ ደመርኩለት። ስምንትና አሥራ አራት ሃያ ሁለት። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ዘጠኝ።

"ሃምሳ አንድ ነው፣ አባዬ።"

አባዬ ስለው እጁ ቆመ። ከዚያ ጻፈው፣ ከበበው፣ ፈረመበት፣ ወረቀቱን ሰጠኝ።

"አለፍሽ" አለኝ።

ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው።