የጢሞቴዎስን ጎማዎች አውልቄያለሁ

ውድ ጋሽ መኩሪያ፣

የደብዳቤ ወግ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ነው። እኔ ግን ይቺን ቃል ሰሞኑን ፈርቻታለሁ፤ ለምን እንደፈራኋት ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል። ስለዚህ የሚያስቆጣዎትን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎትና ልገላገል። የጢሞቴዎስን ጎማዎች ከሞተሬ ላይ አውልቄያቸዋለሁ። እሁድ እርስዎን ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ ልጅዎ መቃብር ስንሄድ የምንሄደው በሌላ ጎማ ነው።

እባክዎ ወረቀቱን አይጨምድዱት፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ። በስልክ ያልነገርኩዎት፣ ድምፅዎን ስሰማ «እሺ ጋሼ» ከማለት ሌላ ቃል ስለማይወጣኝ ነው። «የዚች ልጅ አፍ ፍሬን የለውም» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። እርስዎ ፊት ስቀርብ ግን ከፍሬኑ በቀር የሚሠራልኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው እርስዎ ቤት ምሳ ላይ ነው። የኋላ ጎማዬ መሀል ለመሀል ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር። ከዊልስደን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ ለሥራ በየቀኑ እመላለሳለሁ፤ መንገዱ አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚበላው የጎማውን መሀል ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩ ገና አዲስ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ እያልኩ ስጨነቅ ከርሜ ነበር። ለሥራ መመላለሻ የሚሆነው ጎማ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አያልቅም። ከከተማ ወጥቶ ከኩርባ ወደ ኩርባ ሞተሩን እያጋደሉ ለመጋለብ የሚሆነው ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ሲሞቅ አስፋልቱን እንደ ማስቲካ ይይዘዋል፣ ሳይሞቅ ግን አይታመንም። በለንደን ጠዋት ደግሞ ቀይ መብራት በበራ ቁጥር እየቆመ የሚሄድ ጎማ መቼም አይሞቅም።

ከጢሞቴዎስ ጋር በዚሁ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። ለሁለቱም የሚሆን፣ መሀሉ ጠንከር ዳሩ ለስለስ ያለ ጎማ አለ ስለው፣ «ጎማ ለሁለት ጌቶች ሊገዛ አይችልም» ይለኛል ጥቅሱን እየጠመዘዘ። እሱ የሚወደው ለስላሳውን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ስንወጣ ከፊቴ ሆኖ ኩርባው ውስጥ ተኝቶ ሲገባ ሳየው እኔ ከኋላ ፍሬኔን እይዝ ነበር። ወጥቶ ሲጠብቀኝ ግን ሁልጊዜ እየሳቀ ነው። የወሰደው ሞተር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል ግራ አይገባንም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ኩርባ ምንም ያልሆነውን ልጅ የደም በሽታ አልጋ ላይ ወሰደው።

ምሳው ላይ እንግዲህ፣ ጎማ ልቀይር ነው የሚል ቃል አመለጠኝ። እርስዎ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ በአንሶላ የተጠቀለሉ ሁለት ጎማዎች ይዘዋል። ጢሞቴዎስ በዚያ በመጨረሻው በጋ አዝዟቸው፣ ሲመጡ እሱ ሆስፒታል ገብቶ፣ ሳይገጠሙ የቀሩት ናቸው። የሁለታችንም ሞተር አንድ ዓይነት ስለሆነ ልካቸው ልኬ ነው። እኔ ድሮ የተሸጡ ነበር የመሰለኝ። እናቱ እትዬ ኤልፍነሽ ሳህኑን ሰብስበው ወደ ኪችን ሄዱ፤ ምግቡ ግን ገና አላለቀም ነበር። እርስዎም «እሱ ሳይነዳባቸው ቀረ፤ አንቺ ንጂባቸው» አሉኝ።

ምን ልበል? እስቲ በእኔ ቦታ ሆነው ይዩት። ጎማዎቹ ጥቁር መስታወት መስለው ያበሩ ነበር። ጎማ ሳይነዱበትም ያረጃል፤ ዳቦ ሳይበሉት እንደሚደርቀው። ሠላሳ ዓመት ሚኒካብ ታክሲ ለነዳ ሰው ይህን መንገር ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው ነው። ግን ያን ቀን እርስዎ ያዩት ጎማ አልነበረም፤ ልጅዎን ነው ያዩት። እኔም የማየው እሱን ነበር። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ።

ተውፊቅን ያውቁታል፤ ዊልስደን ጎሚስታ ቤት ያለው፣ የእርስዎንም መኪና ጎማ ለዓመታት የቀየረው። ጎማዎቹን ስወስድለት ጎናቸው ላይ የተጻፈውን የተሠሩበትን ዘመን በጣቱ ዳሰሰና ቀና ብሎ አየኝ። ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው። የማን እንደሆኑ ነገርኩት። ለማያውቀው ሰው ቢሆን እንደማይገጥማቸው፣ የሟች ዕቃ አባት በእጁ ሰጥቶ ግን መልሺ ማለት እንደሚከብደው ነገረኝ። ፊታቸውን በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ገጠማቸው። እንግዲህ ይፍረዱን። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ እሱ ሙያው ሆኖ ዝም አለ። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ይሉኝታ ይዞን አንድ አደገኛ ሥራ ተረዳድተን ሠራን። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ባወራላቸው የሚገባቸው አይመስለኝም።

በደረቅ መንገድ ብዙም አያስታውቅም ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ጠዋት ሞተሩን ባስነሣሁ ቁጥር ጎማው ከሥሬ ድንጋይ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። መታጠፊያ ሲመጣ እንደ እግረኛ ቀስ እላለሁ። ድሮ የምደሰትበትን መንገድ እየጸለይኩ መንዳት ጀመርኩ፤ ጸሎቴም ረጅም አልነበረም፣ «ዛሬን ብቻ» ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ዝናቡ ቀጭን ነበር፤ መንገዱን ከማጠብ ይልቅ የሚያሟልጭ ዓይነት። ሥራ ቦታዬ ልደርስ ስል ከአውቶቡስ ኋላ ሆኜ ወደ ግራ ስታጠፍ፣ የኋላው ጎማ የዜብራው ነጭ ቀለም ላይ ሲደርስ ከዳኝ። ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው፤ መማል የማይፈቀድልን ባይሆን እምልልዎት ነበር። ሞተሩ ከሥሬ ወደ ጎን ሄደ። እግሬን አስፋልቱ ላይ ተከልኩ፣ ጉልበቴ ተጠመዘዘ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ሳልወድቅ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረ ቫን ፍሬን ሲይዝ ሰማሁት፤ ዞር ስል አፍንጫው ክንዴ አጠገብ ነው። ሹፌሩ ሊሰድበኝ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ፊቴን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ሞተሩን እየገፋሁ ወደ ዳር ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። እዚያ ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርዎት? «ጋሽ መኩሪያ ጎማው ጣለኝ ብል ምን ይሰማቸዋል» ነው ያልኩት። ይሉኝታዬ ከመቃብርም በኋላ ሊከተለኝ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ደወሉልኝና ጎማው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። «ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን» አልኩ። ሰው ሲጠይቀን ደህና ነው የምንለው፤ ትኩሳት ይዞንም ደህና ነን፣ ከሥራ ተቀንሰንም ደህና ነን። እርስዎ ግን ቃሌን እንደ ቃል ያዙት። ጢሞቴዎስ አንድ ቀን ከኋላዬ ተቀመጡልኝ እያለ ሲለምንዎት «ሞተር የእብድ ፈረስ ነው» ብለው እምቢ ያሉት ሰው፣ ያን ዕለት ድምፅዎ ተለውጦ፣ «በሕይወት ሳለ ያልተቀመጥኩለትን አሁን በገዛ ጎማው ልሂድለት። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ውሰጂኝ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እኔ ብቻዬን ብወድቅ አንድ ነገር ነው። ሰባ ዓመት ያለፈዎትን ሰው በዚያ ጎማ ላይ አስቀምጬ በዝናብ ልነዳ ነው፤ ያስቀመጠዎት ደግሞ የእኔው «ደህና» ነው።

በዚህ ሳምንት ረቡዕ ልነግርዎት ኬንቲሽ ታውን ቤትዎ መጣሁ። በሊፍቱ ስወጣ ቃሎቼን እየደረደርኩ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ሄልሜት አጥልቀው ነው፤ ቤት ውስጥ። የገዙት ያን ዕለት መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሞተሩ ሲታጠፍ ከነጂው ጋር እንዴት እንደሚጋደል በዩቲዩብ ያዩትን አሳዩኝ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሳቁ። ጢሞቴዎስ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቼዎት አላውቅም። ያንን ሳቅ ማን ደፍሮ ያጠፋዋል? ሻይዬን ጠጥቼ ተነሣሁ።

እትዬ ኤልፍነሽ እስከ ሊፍቱ ሸኙኝ። ቀጥሎ የምጽፈውን ሲያነቡ እንዳይቆጧቸው አደራ። እርስዎ ጎማዎቹን ስድስት ዓመት አልጋ ሥር አስቀምጠው፣ የሚኒካብዎን ጎማ በሚያሳምሩበት ቅባት ሲወለውሏቸው እንደኖሩ ነገሩኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ያ ቅባት እንደሚያሟልጭ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የመኪናዎን ጎማ ሲቀቡ ጎን ጎኑን ብቻ ነበር፣ መሬት የሚነካውን አይነኩትም። የጢሞቴዎስን ግን ሁሉንም ቀቡት። መሬት ይነካል ብለው ስላላሰቡ ነው።

ከዚያ እትዬ ኤልፍነሽ እጄን ይዘው «ጎማው ደህና ነው ወይ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። «ደህና ነው» ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። አልወጣችም። ሊፍቱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ።

«ዝም አልሽ» አሉ። «እኔ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ ያኤል። አባቱን ደግሞ ዝምታሽ እንዳይቀብርብኝ።»

ሊፍቱን ሳልጠብቅ በደረጃው ወረድኩ፤ በዚያው ወደ ተውፊቅ። ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ምን ፈለግሽ እንኳ አላለኝም፤ ሞተሩን አስገብቶ መፍታት ጀመረ። እሱም እንቅልፍ አጥቶ ነበር የከረመው። ሚስቱ ሪሐብ ማታ ማታ «ያቺ ልጅ ደውላልሃለች?» እያለች ስትነዘንዘው እንደኖረች ጎንበስ እንዳለ ነገረኝ።

ያስገጠምኩት ያንን መሀሉ ጠንከር፣ ዳሩ ለስለስ ያለውን ነው። ለሥራ ስመላለስ የሚያልቅብኝ መሀሉ ነው፤ ኩርባ ላይ የሚያስፈልገኝ ዳሩ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤት እንደወጣ፣ ሳይሞቅም፣ እርጥብ መንገድ ይይዛል። ውድድር ሜዳ ላይ ለስላሳው እንደሚበልጠው አውቃለሁ። እኔ ግን የምኖረው ከአውቶቡስ ኋላ ነው። ጢሞቴዎስ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅ፣ ክርክሩን መቼም ሳንጨርሰው ነው የሄደው። አዲስ ጎማ እንደ ሸክላ ድስት መሟሸት አለበት፤ ፊቱ እስኪሻክር ድረስ ስለሚያንሸራትት ትናንትም ዛሬም ስዞርበት ነው የዋልኩት። ነገም አልተውም። እሁድ ሲደርስ ለእርስዎ የሚሆን ይሆናል።

የጢሞቴዎስ ጎማዎች ተውፊቅ ጋ ናቸው። አልጣልኳቸውም፤ መጣሉም ማስቀመጡም የእርስዎ ነው። ብቻ ለማንም አይስጧቸው፣ ለምኜዎታለሁ።

አሁን የከበደኝን ልበል። ስድስት ዓመት እሁድ እሁድ ቤትዎ ስበላ የምቀመጠው እሱ ወንበር ላይ ነው። አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ብዘገይ ምንም፣ ባጠፋ ምንም። ሲያዩኝ እሱን እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ አልከፋኝም፣ እኔም ናፍቆቱን የማስታግሰው እርስዎን እያየሁ ነው። ግን ጋሼ፣ እኔ የእሱ ማስታወሻ አይደለሁም። ማስታወሻ በአንሶላ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ እኔ በየጠዋቱ መንገድ ላይ ነኝ፣ ልሞትም እችላለሁ። እርስዎን ስለምወድዎት እውነቱን ነፍጌዎት በእርስዎ ላይ ልጨክን ነበር። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ፍቅር አልፈልግም። ስጦታዎን ስመልስ ይቆጡኝ፣ ይገሥጹኝ፤ ሰው ልጁን ይቆጣል እንጂ አይቀየምም።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ዓርብ ከሥራ ስመለስ በበርዎ ሥር አስገብቼ እሄዳለሁ። እሁድ ቸርች እንዳለቀ ሞተሬን ከፎቁ ሥር አቆማለሁ። ደወልም አልደውልም፣ ስልክም አልመታም፤ ዝናብም ቢሆን እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ለመቆጣት አፍዎ ለጆሮዬ ቅርብ ስለሚሆን መንገዱን በሙሉ ሊቆጡኝ ይችላሉ። ተቆጥተው ይውረዱ ጋሼ፤ ብቻ ይውረዱ።

ልጅዎ
ያኤል