በመጽሐፍህ የሞተው አባት

ለልጄ ለሀቢቡላህ፤ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እተነፍሳለሁ።

ልጅ እያለህ በቴሌቪዥን ድራማ ወላጅ አልባ ሆነህ ስታለቅስ ከእናትህ ጋር አጨብጭበናል። ያ ጨዋታ ነበር። አሁን ደራሲ ሆንኩ ብለህ፣ በገዛ ሕይወትህ ታሪክ ላይ አባቴ ሞቷል ትላለህ? እናትህስ እውነትም ሞታለች፤ እኔን ለመቅበር ምን አስቸኮለህ?

የሰቃው ወዳጄ ቲጃኒ መጽሐፍህን አንብቦ፣ ሰው አስከትሎ ለቅሶ መጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ።

«ያ ረቢ! አልሞትክም እንዴ?»

«ማን ነግሮኝ? ልጄ እንደሆነ ለሰው እንጂ ለኔ አይጽፍም» አልኩት።

ሳቅን። እኔን ሳሉ ያዘኝ፤ ዘንድሮ አልለቅ ብሎኛል። ቲጃኒ ሲሄድ፣ ሁለተኛ ለቅሶ አልመጣም፣ ሰቃ ሩቅ ነው አለ። አንተ ካለህበት ከአዲስ አበባ ግን አውቶቡስ በየቀኑ ይመጣል።

በል፣ አላህ ለብዕርህ ልብ ይስጠው።

አባትህ አብዱልሃዲ፣ ከበቾ ቦሬ