የሐሙስ ሰላምታ

ልጄ ላራስ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የታይዋን ብርድ አይድፈርሽ። እዚህ ሶሎ ከተማችን ዝናቡ አላባራም፤ ጣሪያችንም ያፈሳል።

በየሐሙሱ ሰላምታሽን እያነበበ የአገራችንን የከሮንቾንግ ዘፈን የሚጋብዘን የኢንተርኔት ሬዲዮ ተዘጋ። አባትሽ «ሳታስፈቅደኝ ሄደች» ብሎ ስልክሽን ባያነሳም፣ ያቺ ሰላምታ አምልጣው አታውቅም። አሁን ጣቢያው ተዘጋ ብዬ ብነግረው አያምነኝም፤ «እሷ ናት የሰለቸችን» ይልና ሩዙን ሳይነካ ይነሳል። ሌላ ጣቢያ ፈልጌ ብከፍትለት፣ «ይሄ የሰው ስም አይጠራም፣ ዝጊልኝ!» ብሎ ጮኸብኝ።

እባክሽ ዘፈን መርጠሽ፣ መግቢያው ላይ ሰላምታሽን በራስሽ ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ። አዲስ ጣቢያ አገኘሁ ብዬ እከፍትለታለሁ። አላህ በአካል ያገናኘን።

ድምፅሽን ያውቀዋል፤ እንዳላወቀ ሆኖ ግን ይሰማሻል። እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ።

እናትሽ ሱሚያቲ