ለሊብሬው የሚስማማ ጎማ፣ ለመንገዱ የሚስማማ ጎማ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዓይንዎን ደህና ያድርግልዎ፤ ዓይንን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ዝቅ ሲሉ ያገኙታል። እኔ በማተሚያ ቤት የሰው ስህተት እየለቀምኩ የምኖር አራሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሌላውን ሰው ፊደልና ቁጥር ሳቃና ኖሬ በገዛ መኪናዬ ሊብሬ ላይ የተሳሳተችውን አንዲት ቁጥር ማቃናት ስላቃተኝ፣ ደጅዎን መጥናቱን ትቼ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዕድሜውን በጭነት መኪና ሹፌርነት የጨረሰው አባቴ ዛሬ ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ተጋርደዋል። ሰባት ወር የጠበቅነው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሲሆን፣ ሆስፒታሉ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ይርቃል። ይህ ቀጠሮ ካለፈ የሚቀጥለው ለከርሞ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ግራ ዓይኑ እስከ ከርሞ እንደማይጠብቅ ነግረውናል።

የመኪናችን ጎማዎች ስላለቁ አባቴን ይዤ ወደ ጎማ መደብር ሄድኩ። የመረጠው እሱ ነው፣ በጣቱ። ጥርሱን ዳሰሰ፣ ጎኑን ተጫነ፣ የተሠራበትን ዘመን የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች እኔን አስነበበኝ፤ ጎማ እንደ ሰው ቁጭ ብሎም ያረጃል እያለ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት የከረሙ ሁለት የሚያብረቀርቁ ዓይነቶችን መለሰ። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ፣ እኚህ አባት ጎማ ነው የሚገዙት ወይስ ለወንድ ልጃቸው ሚስት ነው የሚያጩት ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ቆየን። በመጨረሻ አራት ጥሩ ባለ አሥራ አራት ጎማዎች፣ ማለትም የመኪናው ፋብሪካ ያዘዘውን ልክ፣ ገጥመን ለዓመታዊው ምርመራ ወደ እርስዎ ቀረብን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፤ መርማሪዎ ላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። አዲሶቹን ጎማዎች አንድ በአንድ ዞረው፣ ጎናቸው ላይ 14 የሚል አንብበው፣ ሊብሬዬ ግን 13 ስለሚል መኪናዬን ጣሏት። ባለፈው ዓመት አሮጌው ሊብሬ በአዲስ ሲቀየር ጸሐፊዎ በስህተት የገለበጡት ቁጥር መሆኑን፣ የአሮጌውን ቅጂ አውጥቼ አሳየኋቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ የሚያምኑት በእጃቸው ያለውን ወረቀት እንጂ የሞተ ወረቀት እንዳልሆነ አስረዱኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፤ ከመስኮት አራት ወደ መስኮት ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ተመልሶ ወደ አራት እግሬ እስኪቀጥን ስላመላለሱኝ የቢሮዎን ኮሪደሮች በሚገባ አውቄያለሁ። መልሱም ግልጽ ነበር። ሊብሬ የሚታረመው ምርመራ ላለፈ መኪና ብቻ ነው፤ ምርመራ የሚያልፈው ደግሞ ጎማው ከሊብሬው የገጠመ ብቻ ነው። ይህን ያወጣውን ሰው አንድ ቀን አይቼው ብሞት ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፤ መርማሪዎ ደግ ሰው ናቸው። ሆዴ ብሶት እንባዬ መምጣቱን ሲያዩ ጠጋ ብለው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ወዳለው ጎሚስታ እንድሄድ ሹክ አሉኝ። ጎሚስታው ምንም ሳልነግረው 13 ነው አይደል አለና፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ፣ በጠመኔ «ምርመራ» የተባለባቸው አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አወጣልኝ። የሚከራዩ ናቸው። አባቴ ተንበርክኮ ዳሰሳቸውና፣ ልጄ ይሄማ የኔ ራስ ነው፣ ምን ፀጉር አለው አለ። አንደኛው ጎማ ላይ ሲደርስ ግን ቀልዱን ተወና ጣቱን እዚያው አቆየ። እነዚያን መላጣዎች ገጥሜ መቶ እርምጃ ነዳሁ፤ መርማሪዎም ቁጥሩን አንብበው አሳለፉኝ። ማየት የተሳነው ሽማግሌ በጣቱ ያገኘውን ባለሙሉ ዓይኑ መርማሪ አለማየታቸውን ለክስ አላነሣሁትም፤ ሆስፒታሉ ሰኞ አንድ ትርፍ ወረፋ ካለው እንድጠይቅላቸው ብቻ ፈቃድዎን እሻለሁ።

አራተኛው እንደ ሌሎቹ አልቀለለኝም። ከቦሎው ጋር የተሰጠኝ ወረቀት፣ በሊብሬው ከተጻፈው ልክ ውጭ ጎማ የገጠመ ተሽከርካሪ በማንኛውም ኬላ ከመንገድ እንደሚታገድ ይገልጻል። በመንገዳችን ላይ ሦስት ኬላዎች አሉ። እርማቱን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እንድወስድ ተነግሮኛል። ጎሚስታው አዝኖልኝ፣ ሐሙስ ሌላ ሰው ስለያዛቸው እስከ ረቡዕ ልመልስለት እንጂ መላጣዎቹን ለጉዞው ሊያከራየኝ ፈቅዷል። እንግዲህ እሑድ ጠዋት ባለቤቴን፣ ልጄንና አባቴን ጭኜ የምወጣው ወይ እርስዎን በሚያስደስት ጎማ ነው፣ ወይ መንገዱን በሚያስደስት።

እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ኬላው ላይ ከታገድኩ አባቴ ዓይኑን ያጣል። ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ከፈነዳ ግን ስንቶቻችን እንደምንተርፍ አላውቅም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው፣ ማኅተምዎም ከገደል አያስጥልም። ለአባቴ መኪናው ይቅር፣ በአውቶቡስ እንሂድ ስለው፣ በአውቶቡሱስ ጎማ ላይ ማን ጣቱን አሳረፈ አለኝ። ከዚያም በሹፌርነቱ ዘመን ትራፊክ ያቆመውን ቀን ቆጥሮት እንደማያውቅ፣ ጎማ ያቆመውን አንድ ቀን ግን እስከ ዛሬ እንደሚቆጥረው ነገረኝ። በዚያ ቀን አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ነው። አጎቴ እንዴት እንደሞተ ከአባቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለዚህ በባለ አሥራ አራቶቹ እንሄዳለን። ለየኬላው የሚሆን፣ ስህተቱ የጸሐፊዎ እንጂ የጎማው አለመሆኑን የምትገልጽ የአንድ መስመር ወረቀት እስከ ቅዳሜ ቢፈርሙልኝ ውለታዎን አልረሳም። ፊደሉን እኔ አርመዋለሁ፤ በነጻ።

መመሪያዎን እሑድ ማለዳ በሙሉ ልቧ የምትጥስ፣
ለቦሎዎ ውበት ግን ዘወትር አድናቆት ያላት፣
የአንድ ሹፌር ልጅ

ማስታወሻ፦ መላጣዎቹን ልመልስ ስሄድ ሐሙስ ማን እንደያዛቸው ጎሚስታውን ጠየቅኩት። የእርስዎ የቤት መኪና ሊብሬም ከእኔው ጋር በአንድ ሳምንት እንደተቀየረና 13 እንደሚል፣ ጎማዎቹንም ለራስዎ ምርመራ እንዳስያዙ ነገረኝ። ያ አባቴ ጣቱን ያቆየበት፣ በኋላም በጠመኔ መስቀል ያደረገበት ጎማ በውስጥ ጎኑ አብጧል፤ እብጠቱ የአውራ ጣት ያህል ነው፣ ጎንበስ ብሎ ላላየ አይታይም። ያንን ከፊት እንዳያስገጥሙት፣ ከተቻለም ጭራሽ እንዳይነዱበት ነግሬ እንድልክልዎ አደራ ብሎኛል። ልጆችዎን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በዚያው መኪና ነው አሉ።